እጁን ታጥቦ ነበር፦ ትንንሽ ልጆችን ለምታስተምሩ የትዕግሥት መመሪያ

ጊዜው ኅዳር ነው። ጅማ ውስጥ ሁለተኛ ክፍል ማስተማር ከጀመርኩ ሦስተኛ ወር ሆኖኝ ነበር። አንድ ልጅ ደብተሩን ሊያሳርም መጣ። ገጹ ላይ የጣት አሻራ አለ፤ ጥቁር፣ የሚያጣብቅ። እጁን አየሁት። ጣቶቹ እስከ ጥፍሩ ሥር ጠቁረዋል። «ሂድና እጅህን ታጠብ!» አልኩት። ሄዶ ታጥቦ መጣ። ያው ነው። «ታጠብ አላልኩህም?» ብዬ ጮህኩበት። ደግሞ ሄደ። በሦስተኛው እጁን ከኋላው ደብቆ በሩ ላይ ቀረ። ክፍሉ ሳቀበት። እኔም ሳቁን አላስቆምኩም። እስከ ዕረፍት ድረስ ሰሌዳው ጥግ አቆምኩት።

ጅማ የኖረ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ቀይ ቡና ሲለቅም የዋለ እጅ ከፍሬው በሚወጣው ፈሳሽ ይጠቁራል። በውሃ ብቻ አይለቅም፤ ቀናት ይፈጃል። ልጁ ቅዳሜና እሑድን ከእናቱ ጋር ቡና ሲለቅም ነበር የከረመው። ሁለቴም ታጥቦ ነበር። ይህን የነገረኝ እሱ አይደለም። ሳምንት ቆይታ አጠገቡ የምትቀመጠው ልጅ ነገረችኝ። እኔ ያደግኩት ሌላ ከተማ ነው። ቡና ዛፉ ላይ እያለ አላውቀውም ነበር።

ብዙ ሰው ትዕግሥት አብሮ የሚወለድ ጠባይ ይመስለዋል። «እሷ ታጋሽ ናት፣ እኔ ግን ቶሎ ይነደኛል» እንላለን። እኔ በሥራ ላይ ያየሁት ሌላ ነው። ልጁ ለምን እንደዚያ እንደሆነ ስታውቁ ንዴቱ መቆሚያ ያጣል። የማታውቁ ከሆነ ግን የቱንም ያህል ደግ ብትሆኑ ትጮሃላችሁ። ስለዚህ ከታች ያሉት ደረጃዎች አብዛኞቹ ምክንያትን ስለ መፈለግ ናቸው። በቅደም ተከተል ብትሄዱባቸው ይሻላል፤ የመጀመሪያውን ሳትሠሩ አራተኛው አይያዝም።

1ኛ ደረጃ፦ የምትናደዱበትን ሰዓት እወቁ

ከልጆቹ በፊት ከራሳችሁ ጀምሩ። የዕለት ዕቅድ የምትጽፉበትን ደብተር ጀርባውን ገልብጡት። ለሁለት ሳምንት፣ በጮሃችሁ ቁጥር ሦስት ነገር ጻፉ፦ ሰዓቱን፣ ልጁ ያደረገውን፣ ከዚያ በፊት እናንተ ላይ የሆነውን። ዕረፍት ላይ መጻፍ ይበቃል፤ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

እኔ ስጽፍ 11 ጊዜ ጮሄ ተገኘሁ። ከ11ዱ ሰባቱ ከዕረፍት በፊት ባለችው ክፍለ ጊዜ ነበሩ። በዚያች ሰዓት ልጆቹ ርቧቸዋል፤ እኔም ቁርስ ሳልበላ የወጣሁ ነኝ። ልጆቹ ባለጌ የሚሆኑበት ሰዓት እያልኩ የማማው እኔም የሚርበኝ ሰዓት ነበር። ከዚያ ወዲህ ቆሎ ቦርሳዬ ውስጥ አይጠፋም። በዚያች ክፍለ ጊዜ ደግሞ አዲስ ትምህርት አላስተምርም። መዝሙር፣ ስዕል፣ የተማሩትን መከለስ፣ በቃ። የክፍለ ጊዜ ድልድሉ በእናንተ እጅ ካልሆነ እዚያው ትምህርት ውስጥ ቀላሉን ክፍል ወደዚያ ሰዓት አምጡት።

2ኛ ደረጃ፦ በሩ ላይ ቁሙ

ጠዋት ከሰልፍ በኋላ ቀድማችሁ በሩ ጋ ድረሱ። እያንዳንዱን ልጅ በስሙ ጠርታችሁ ሰላም በሉት። 58 ልጅ አለኝ፤ ስድስት ደቂቃ ይወስድብኛል። «ከትምህርቱ ላይ ስድስት ደቂቃ?» የሚለኝ ባልደረባ አለ። እኔ ግን ያንን ስድስት ደቂቃ በኋላ ዝም በሉ ከማለት እጥፍ አድርጌ አተርፈዋለሁ።

በሩ ላይ የምታዩት ፊቱን ነው። ዓይኑ ቀልቷል? ከንፈሩ ደርቋል? ትናንት የሚስቅ ልጅ ዛሬ አንገቱን ደፍቶ ገባ? እነዚህን ሦስትና አራት ልጆች በልባችሁ ያዟቸው። የዚያን ቀን ወደ ሰሌዳ አትጥሯቸው። የዚያን ቀን ደብተራቸው ላይ ቢሳሳቱ እለፉት።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቁ። በሰው ፊት «ቁርስ በላህ?» ብላችሁ እንዳትጠይቁ። ያልበላ ልጅ «በላሁ» ነው የሚላችሁ። ሰባት ዓመቱ ቢሆንም ቤቱን አያሳጣም። ይልቅ «ዛሬ ጠዋት ምን ምን ሠራህ?» በሉት። «ተነሳሁ፣ ውሃ ቀዳሁ፣ እህቴን አዘልኩ፣ መጣሁ» ይላችኋል። ምግብ እንደሌለበት ጆሯችሁ ይሰማል። ሌላ ጥያቄ አያስፈልግም።

3ኛ ደረጃ፦ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ገጽ

አንድ ወፍራም ደብተር ግዙ። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ገጽ ስጡ። ከማን ጋር ይኖራል? በእግሩ ነው የሚመጣው ወይስ በባጃጅ? ከትምህርት መልስ የት ይውላል? ቤት ውስጥ በምን ቋንቋ ያወራሉ? ምን ሲያደርግ ደስ ይለዋል?

በአንድ ቀን አትሙሉት። ጠረጴዛ ላይ ጠርቶ መጠየቅ ልጅን ያስፈራዋል። ስዕል እንዲስሉ ስጧቸውና በመሃላቸው ተዘዋወሩ። እጁ ሥራ የያዘ ልጅ አፉ ይፈታል። በሳምንት አምስት ልጅ ብታውቁ እስከ ጥር ሁሉንም ታውቃላችሁ።

እኔ በዚህ ደብተር ካገኘኋቸው ነገሮች አንዱ የሐሙስ ነገር ነው። ሐሙስ የሂርማታ ገበያ ነው። አራት ልጆች ሐሙስ ሐሙስ ይቀሩ ነበር፤ ከመጡም እንቅልፍ ይጥላቸዋል። ሁለቱ ሌሊት ተነስተው ከእናታቸው ጋር ሸቀጥ ይሸከማሉ። ሁለቱ እናት ገበያ ስትሄድ ሕፃን ይጠብቃሉ። ስነቅፋቸው የነበረው በስንፍና ነው። አሁን የሐሙስን ትምህርት ዓርብ ጠዋት አሥር ደቂቃ እደግመዋለሁ።

ደብተሩን ቆልፉበት። የልጅ ምስጢር ነው። የመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ጮክ ብሎ የሚነበብ አይደለም።

4ኛ ደረጃ፦ ዝም ያለው ልጅ እየተረጎመ እንደሆነ አስቡ

እዚህ ላይ ቆም ልበል፤ ጅማ ላይ ትልቁ ነገር ይሄ ነውና።

እኔ የማስተምረው በአማርኛ ነው። ከልጆቼ ብዙዎቹ ግን ቤታቸው የሚያወሩት አፋን ኦሮሞ ነው። ዳውሮኛ፣ ከፊኛ፣ የምኛና ጉራጊኛ የሚያወሩም አሉ። ጥያቄ ስጠይቅ አንዱ ልጅ ጥያቄውን ይሰማል፣ ወደ ቤቱ ቋንቋ ይመልሰዋል፣ መልሱን ያገኛል፣ መልሱን ወደ አማርኛ ያመጣዋል፣ ከዚያ ይስቁብኝ ይሆን ብሎ ይፈራል። ይህ ሁሉ ጊዜ ይፈልጋል። እኔ ደግሞ «እሺ ሌላ ሰው!» ብዬ አልፌዋለሁ።

ሜሪ በድ ሮው የምትባል አሜሪካዊት የሳይንስ ትምህርት ተመራማሪ በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ክፍል ውስጥ የተቀዱ ድምፆችን እያዳመጠች መምህራን ጠይቀው ስንት ሰከንድ እንደሚጠብቁ ለካች። ወደ አንድ ሰከንድ ብቻ ነበር። ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲጠብቁ የልጆቹ መልስ ረዘመ፣ ዝም ይሉ የነበሩት መናገር ጀመሩ፣ «አላውቅም» የሚለው ቀነሰ። እነዚያ ልጆች የሚማሩት በአገሩ ቋንቋ ነው። የእኛ ልጆች በሁለተኛ ቋንቋ ሲሆን ምን ያህል መጠበቅ እንዳለብን አስቡት።

እኔ በሆዴ እንዲህ እቆጥራለሁ፦ አንድ ቡና፣ ሁለት ቡና፣ ሦስት ቡና፣ አራት ቡና፣ አምስት ቡና። አምስተኛው ቡና ላይ ካልመለሰ «በቤት ቋንቋህ ንገረን» እለዋለሁ። በአፋን ኦሮሞ ይናገራል፤ የሚችል ጓደኛው ወደ አማርኛ ይመልስለታል፤ እሱም ይደግመዋል። መልሱን ያውቀው እንደነበር ክፍሉ ሁሉ ያያል። የእኔ አፋን ኦሮሞ ብዙም አይደለም። ግን «ሱታ» ማለት እችላለሁ፤ ቀስ በል ማለት ነው። በዚህች ቃል ልጁ ትከሻው ሲወርድ ይታየኛል።

ስለ ሥርዓት ደግሞ ይህን እወቁ። አንዲት ልጅ «ቲቸር፣ አንተ ደብተሬን ውሰድ» ብላኝ ነበር። መጀመሪያ የደነገጥኩት እኔን ሴቷን «አንተ» ባለችኝ ነው። በኋላ ሳጣራ፣ አፋን ኦሮሞ ውስጥ «አቲ» ለወንድም ለሴትም አንድ ነው። አንተና አንቺ ተብሎ አይከፈልም። ለትልቅ ሰው ደግሞ «እሲን» ይባላል። ስለዚህ ልጅቷ አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ የሚባሉ ሦስት በሮች ፊት ቆማ አንዱን ገፋች። ብልግና አልነበረም። እንዲሁም ፐ፣ ቨ እና ዘ በአፋን ኦሮሞ ከውጭ በመጡ ቃላት ካልሆነ አይገኙም። ልጁ «ዘ»ን ሲያበላሽ ምላሱ ገና ስላልለመደው ነው። አሥር ጊዜ አስደግሞ በክፍሉ ፊት ማፋጠጥ አያስለምደውም። እናንተ በትክክል ደግማችሁት እለፉ። ይሰማችኋል። ጊዜውን ጠብቆ ይመጣል።

5ኛ ደረጃ፦ እናንተም ተማሩ

እኛ ማንበብ የተማርንበትን ቀን ረስተናል። ለዚህ ነው የሚቸግረን። ፊደል ገበታው ላይ 33 ፊደል በሰባት መደብ 231 ቅርጽ አለ። ሀ፣ ሐ እና ኀ በድምፅ አንድ ሆነው በቅርጽ ይለያያሉ። ሕፃን ይህን ሁሉ ከየት ያምጣው? ማሰብ ብቻ አይበቃም፤ በእጃችሁ ሞክሩት።

ልምምዱ እንዲህ ነው። የማታውቁትን ፊደል ምረጡ። የሚያውቅ ተማሪ ፈልጉና አስተምረኝ በሉት። እኔ ጋ ከሰዓት በኋላ መድረሳ የሚሄዱ ልጆች ብዙ ናቸው። አንዷን የዓረብኛ ፊደል እንድታስተምረኝ ለመንኳት። ስምንት ዓመቷ ነው። ዕረፍት ሰዓት ሰሌዳው ላይ ሦስት ፊደል ጻፈችልኝ። ሦስቱም ልክ እንደ ጀልባ ናቸው። ልዩነታቸው ነጥብ ብቻ ነው፦ አንዱ ከታች አንድ ነጥብ፣ አንዱ ከላይ ሁለት፣ አንዱ ከላይ ሦስት። «ባ፣ ታ፣ ሣ» አለች። እኔም አልኩ። ሰሌዳውን አጠፋችና «አሁን ጻፊ» አለችኝ።

ከቀኝ ወደ ግራ መሆኑን ረሳሁ። ነጥቡን ከታች ይሁን ከላይ ጠፋኝ። ልጆች ተሰብስበው ያያሉ። ፊቴ ሲግል ተሰማኝ፣ እጄ ላብ አለው፣ አሁን ያሳየችኝ ነገር ከጭንቅላቴ በኖ ጠፋ። ልጅቷ ግን አልሳቀችም። ጠመኔውን ከእጄ ወሰደች፣ አጠፋችው፣ «ችግር የለም ቲቸር፣ እንደገና» አለች። አራት ጊዜ እንደገና አለች። ድምፅዋ አንዴም አልተለወጠም።

ይህንን በሴሚስተር አንድ ጊዜ አድርጉት። መድረሳ የሚሄድ ልጅ ከሌለ በግራ እጃችሁ አንድ ገጽ ገልብጡ። እጃችሁ ሲደክምና መስመሩ ሲጣመም ያያችሁትን ደብተር ሁሉ ታስታውሳላችሁ።

6ኛ ደረጃ፦ ንዴቱ ሲመጣ

ምክንያቱን ሁሉ ብታውቁም ይመጣል። ያኔ የምትሠሩት ነገር አስቀድሞ የተዘጋጀ መሆን አለበት። በንዴት መሃል ማሰብ አይቻልም።

መጀመሪያ እጃችሁ ላይ ያለውን አስቀምጡ፤ ጠመኔም ይሁን ማስመሪያ። ባዶ እጅ ቶሎ ይበርዳል። ከዚያ አንድ ጉንጭ ውሃ ጠጡ። ከዚያ ወደ ልጁ ሂዱ፤ ከሩቅ አትጥሩት። እኔ ክፍሌ ውስጥ የጅማ በርጩማ አስቀምጫለሁ፤ ያቺ ከአንድ ግንድ የምትጠረብ ባለ ሦስት እግሯ። ይዣት ሄጄ ልጁ አጠገብ እቀመጣለሁ። ዓይኑና ዓይኔ እኩል ይሆናል። ቁጭ ብሎ መጮህ ይከብዳል፤ ሞክሩት።

የምትሉትንም አስቀድማችሁ ያዙ። «ስንቴ ልንገርህ!» በሚለው ፈንታ «እስቲ አሳየኝ፣ የቱ ጋ ነው የጠፋብህ?» በሉ። «አንተ ሁልጊዜ እንደዚህ ነህ» ከማለት «ዛሬ ምን ሆንክ?» ይሻላል። መጀመሪያ አፍ ላይ አይመጣም። እኔ የዕቅድ ደብተሬ ሽፋን ላይ ጽፌ ነው የለመድኩት።

ስለ ዱላም በግልጽ ልናገር። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት የመጠበቅ መብት እንዳላቸው ደንግጓል። ማንበርከክም፣ ጆሮ መቆንጠጥም፣ በአንድ እግር ማቆምም የአካል ቅጣት ናቸው። እኛ ተገርፈን ነው የተማርነው የሚል ሰው አይጠፋም። እኔም ተገርፌያለሁ። ከትምህርቱ የማስታውሰው ግን ዱላውን ነው።

መታገሥ ማለት መልቀቅ እንዳይመስላችሁ። ልጅ ልጅ ሲመታ ወዲያው ይቆማል። እርሳስ የወሰደ ይመልሳል። ደንቡ አይለወጥም፤ የሚለወጠው የምንናገርበት ድምፅ ነው።

7ኛ ደረጃ፦ ለዝናብ ተዘጋጁ

አጭር ነገር ናት፤ ግን ጅማ ለሚያስተምር ሰው ግማሽ ዓመቱን ታድናለች። ትምህርት በመስከረም ሲጀመር ዝናቡ ገና አላበቃም። ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ የማንም ድምፅ አይሰማም። መምህሩ ይጮሃል፣ ልጆቹም ይጮሃሉ፣ ሁሉም ይደክማል። ድምፅ የማይፈልግ ሥራ ለይታችሁ አስቀምጡ። እኛ «የዝናብ ሥራ» እንለዋለን፦ ከሰሌዳ መገልበጥ፣ ስዕል፣ በጠጠር መቁጠር። ዝናቡ ሲጀምር ልጆቹ ራሳቸው ያወጡታል።

8ኛ ደረጃ፦ ወላጅን ስትጠሩ

ወላጅ የሚጠራው ልጅ ሲያጠፋ ብቻ ከሆነ፣ ጥሪው ራሱ ዱላ ነው። የምትሉት ነገር ማታ ቤት ውስጥ ልጁ ጀርባ ላይ ሊያርፍ ይችላል። አንዴ «ልጅዎ አይሰማም» ብዬ ልኬ በማግስቱ እግሩ ላይ ሰምበር አየሁ። ያንን ሰምበር ያወጣሁት እኔ ነኝ።

አሁን ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ ለእያንዳንዱ ቤት አንድ መልካም ነገር እልካለሁ። እናት በር ላይ ልጅ ልታደርስ ስትመጣ «እትዬ፣ ልጅሽ ትናንት ጓደኛውን ሲያስጠና አየሁት» እላታለሁ። በኋላ ችግር ሲኖር «እንዴት ብናደርግ ይሻላል?» ብዬ ነው የምጀምረው። አባቶችም ቢሆኑ ሲመከርባቸው ሳይሆን ሲማከሯቸው ይናገራሉ።

እግረ መንገዴን፦ ሁልጊዜ «ምን?» የሚል ልጅ ጆሮው፣ ደብተሩን አፍንጫው ላይ የሚያስጠጋ ልጅ ዓይኑ ይታይለት። የፊት ወንበር ስጡት፣ ለወላጁም ጤና ጣቢያ እንዲወስዱት ንገሩ። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የዓይን ክፍል አለው። «ደንቆሮ» ስንለው የከረምነው ልጅ በእውነት የማይሰማ ሆኖ ሲገኝ የሚሰማኝን ለማንም አልመኝም።

9ኛ ደረጃ፦ ስትሳሳቱ ይቅርታ ጠይቁ

ስድቡ በክፍሉ ፊት ከነበረ ይቅርታውም በክፍሉ ፊት ይሁን። አጭር ይሁን። «ግን አንተም…» የሚል ጭራ አትቀጥሉበት። ልጁን አመሰግናለሁ እንዲል አታስገድዱት። ከዚያ ወደ ትምህርቱ ተመለሱ።

የእጁ ጉዳይ ከገባኝ በኋላ ሰኞ ጠዋት ሰሌዳው ፊት ቆምኩ። «ባለፈው እጁን አልታጠበም ብዬ ጓደኛችሁን አቆምኩት። ታጥቦ ነበር። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ይቅርታ» አልኩ። እሱ ዴስኩ ላይ አቀርቅሮ ነበር። ቀና አላለም። የክፍሉ አለቃ ግን «ቲቸር፣ የእኔም እኮ ጥቁር ነው» ብሎ እጁን አነሳ። ሌላዋም አነሳች። ቆጠርኳቸው፤ 14 ነበሩ። እኔ ያየሁት አንዱን ብቻ ነበር።

ልጁ ለሳምንታት አላናገረኝም። ይጽፋል፣ ያሳርማል፣ ይቀመጣል። እኔም አልገፋሁትም። ጠዋት በሩ ላይ ስሙን እጠራለሁ፣ ያልፋል። ጥር ገባ፣ ለቀማው አለቀ። አንድ ጠዋት በሩ ላይ ስሙን ስጠራው ቆመ። ሁለት መዳፉን ዘርግቶ ገለባብጦ አሳየኝ።

«ቲቸር፣ ለቀቀ» አለኝ።